ሁለት በር ያለው ቤት

ከዳንግላ ወደ ቆሰበር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው የተወለድኩባት የገበያ ከተማ፣ መሃሏ ላይ አንድ ትልቅ ክብ የሳር ቤት ነበራት። ማንም አይኖርበትም፣ እህል አይከማችበትም፣ ከብት አይታሰርበትም። ከሩቅ ለሚያየው ከሌላው የሳር ቤት የሚለየው በትልቅነቱ ብቻ ነው። ቀረብ ያለ ሰው ግን ሁለት በር እንዳለው ያያል፤ አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ፣ ትይዩ ሆነው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፤ «ባለ ሁለት በሩ» ይባላል።

በሩ ሁለት የሆነው ደም የተቃቡ ሰዎች ደጃፍ ላይ እንዳይገጣጠሙ ነው። የሟች ወገን በምሥራቁ በር ይገባል፣ የገዳይ ወገን በምዕራቡ። ሽማግሌዎቹ መሃል ላይ፣ ምሰሶው ሥር ይቀመጣሉ። እርቅ ከወረደ ሁሉም በአንድነት በሟች ወገን በር ይወጣል። እርቅ ካልወረደ እያንዳንዱ በገባበት ተመልሶ ይሄዳል፤ በዚያ ቀን ማንም በማንም ላይ እጁን አያነሣም። ቤቱን ማን እንዳሠራው ብዙ ሰው ጠይቄ ነበር፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። በዓይኔ ያየሁት ግን ሳሩ ሲያረጅ ከየአጥቢያው ሰው ሰንበሌጥ ተሸክሞ መጥቶ በደቦ ይከድነው እንደነበር ነው።

ስለዚህ ቤት የምጽፈው በሃምሳዎቹ ዓመታት በአንዱ ክረምት የታናሽ ወንድሜ ሕይወት በእሱ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ነው።

ወንድሜ በአንድ የቅዳሜ ገበያ ከአዘና ከመጣ ሰው ጋር በፈረስ ማሰሪያ ተጣላ። ሰውየው የወንድሜን ባዝራ ከችካሉ ፈትቶ የራሱን ፈረስ አሰረበት። ቃል ተመላለሱ፤ ሰው ሊገላግል ሲጠጋ ወንድሜ በያዘው ዱላ አንድ ጊዜ መታው። ሰውየው ወደቀ፤ አልተነሣም። ወንድሜ እጁን ሰጠ፣ ተፈረደበት፣ ደብረ ማርቆስ ታስሮ ጊዜውን ጨርሶ ወጣ። እኛ ነገሩ ያበቃ መስሎን ነበር። የሟች ታናሽ ወንድም ግን ገበያ መሃል ቆሞ፣ «መንግሥት የራሱን ፍርድ ፈረደ። የእኛ ደም እንዳለ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ከቆሰበር በላይ ባለው የቀርከሃ ጫካ፣ በእናቴ ዘመዶች ዘንድ፣ ከቤት ቤት እየተዘዋወረ ይኖር ጀመር። ሰው በሚበዛበት መንገድ አይወጣም። በር ያለበትን ጀርባው አድርጎ አይቀመጥም። የጎልማሳነቱ ጊዜ ያለ እርሻና ያለ ሚስት እያለፈ ነበር።

ሽማግሌዎች ለዓመታት ተመላለሱ። አንድ ጊዜ በአንዱ ሽማግሌ ግቢ ሊያስታርቋቸው ሞክረው፣ ሁለቱ ወገኖች መግቢያው ላይ ተያይተው ዱላ ተማዘዙ፤ እርቁ ሳይጀመር ቀረ። ከዚያ በኋላ የሟች አባት አንድ ቃል ብቻ ላኩ፦ ከባለ ሁለት በሩ ቤት በቀር የትም አልቀመጥም። በስንት ልመና፣ ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ሊመጡ ፈቀዱ።

እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ለአንድ ጋዜጣ እሠራ ነበር። ለእርቁ ፈቃድ ወስጄ በነሐሴ መጣሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ እናቴ ጋቢዋ በዝናብ ርሶ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። ሰላምታም አላስጨረሰችኝ።

«ቤቱን ሊያፈርሱት ነው» አለች።

«የትኛውን ቤት?»

«የትኛው ቤት አለኝ እኔ? ባለ ሁለት በሩን!»

ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ራሴ ሄጄ አነበብኩት። ከዋና ከተማ ትልቅ እንግዳ በመስከረም በዚህ ያልፋሉ፤ ዋናው መንገድ ይሰፋል፤ በመንገዱ ዳር ያሉ የሳር ቤቶች በቆርቆሮ ይለወጣሉ ወይም ይነሣሉ፤ በመንገዱ መስመር ውስጥ የገባ ማንኛውም ቤት ይፈርሳል፤ ተቃውሞ ያለው ሰው ዓመቱ ሳያልቅ ቀርቦ ያስረዳ። ባለ ሁለት በሩ ቤት ግማሹ በመስመሩ ውስጥ ነው። እንግዳው የሚያልፉት ደግሞ ከመስቀል በፊት ነው።

በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱን ሹም ለማነጋገር ገባሁ። አገራቸው ሌላ ነው፣ ከመጡ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም። በእሳቸው ጊዜ የገበያው ጉድጓድ ውሃ ተከልሏል፣ የቄራው ቦታ ከመኖሪያ ርቋል። ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰሙ ወንበር አስመጡልኝ፤ የከተማዋን ፕላንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ።

«እንግዲህ ይህን ይጻፉልን» አሉ። «በሁለት ዓመት ውስጥ ይህች ከተማ ከዳንግላ አታንስም።»

ስለ ቤቱ ነገርኳቸው። የወንድሜንም ጉዳይ አልደበቅሁም። በጥሞና አዳመጡኝና እርሳሳቸውን በፕላኑ ላይ አሳረፉ።

«ማስታወቂያውን ያወጣነው ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ስለዚህ ቤት አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ መጥቶ አላነጋገረኝም። ቆርቆሮ አልገዛም ያሉ ሴትዮ መጥተዋል። አጥሬ ተነካ ያለ መጥቷል። ይህን ያህል የተከበረ ቤት ከሆነ ሰዎቹ የት አሉ? ዝም ካሉ ተስማምተዋል ማለት አይደለም?»

እውነትም ሰዎቹ የት ነበሩ?

ሰዎቹ እዚያው ነበሩ። የአባቴ ታላቅ ወንድም የቤቱ ሽማግሌዎች አለቃ ነበሩ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ አባባ እያልኩ የምጠራቸው እሳቸውን ነው። ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር በባለ ሁለት በሩ ቤት ክፈፍ ሥር፣ ዝናቡን ተጠልለው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተደርድረው ተቀምጠዋል። በአገውኛ ይጨዋወቱ ነበር፤ እኔ ስደርስ፣ ምናልባት ከተሜ ሆኗል ብለው ነው፣ ወደ አማርኛ ዞሩ።

«አባባ፣ ለምን ወደ ማዘጋጃ ቤት አልሄዳችሁም?»

«ምን ልናደርግ?»

«ቤቱ እንዳይፈርስ ልትነግሯቸው ነዋ!»

አባባ አጠገባቸው ያሉትን ሰውዬ አዩና ሳቁ። «ይኸ አዲስ አበባ ሰውን እንዲህ ያደርጋል?»

ሰውየው ተቀበሏቸው። «ጋዜጣ ሲያነብ የአባቱን ወግ ረሳው።»

ከዚያ አባባ፣ እንደማያውቅ ሰው፣ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ነገሩን የጀመረው ሹሙ ነው። ቤታችንን አፈርሳለሁ ብሎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ እሱ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ የሚልከው እሱ ነው። የተበደለ ሰው ተነሥቶ በበደለው ደጅ ከቆመ ነገሩን ራሱ ለቀቀው ማለት ነው። «እኛ ሄደን ደጁ ብንቆም ቤቱን ሰጠነው ማለት ነው። እዚሁ ተቀምጠን የሚልካቸውን ሽማግሌዎች እንጠብቃለን። በየቀኑ የምንሰበሰበውም ለዚሁ ነው። ሲመጡ ቤቱ ባዶ እንዳይሆን።»

«ካልላከስ?»

«ሹም አይደለም እንዴ? ሹም የሆነ ሰው ይህን አያውቅም?»

ሐምሌን ሙሉ በዚያ ክፈፍ ሥር ተቀምጠው ጠብቀዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ከገበያው ማዶ፣ ከእነሱ ትይዩ ነው። ሹሙ በመስኮታቸው በየቀኑ ያዩአቸዋል፤ ሽማግሌዎች ዝናብ ተጠልለው የሚጫወቱ መስሏቸው ነበር።

ተመልሼ ወደ ሹሙ ሄድኩ። ሽማግሌ እንዲልኩ ጠየቅኋቸው። ሦስት የከተማ ሰው ቢልኩ እንደሚበቃ፣ ቢሮ ከፍተው ከሚያዳምጡት ሁሉ ይህ እንደሚቀል ነገርኳቸው። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። ቀጥሎ ፊታቸው ተለወጠ።

«መንግሥት ለሳር ቤት ሽማግሌ ይልካል? ነገ ደግሞ ለአጥር ላክ ይሉኛል። እነሱ ይምጡ። ሲመጡ ከወንበሬ ተነሥቼ እቀበላቸዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ይህን ለአባባ አደረስኩ።

«ተነሥቶ ይቀበለናል? ከተነሣ አይቀር እስከዚህ ይምጣ» አሉ።

ነሐሴ እንዲህ አለቀ። ጭቃ እየረገጥኩ ገበያውን ወዲያና ወዲህ ተሻገርኩ። አንዱ ዘንድ ስገባ የሌላኛው መልእክተኛ እመስላለሁ። ሌላም መንገድ ፈለግሁ። እርቁን አስቀድመን በጳጉሜን እንድናደርገው ሐሳብ አቀረብኩ፤ ወንዙ ሞልቶ የአዘና ሰዎች መሻገር አይችሉም ተባለ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይሁን አልኩ፤ የሟች አባት ቃላቸው የታወቀ ነው ተባለ። ራሴ አዘና ሄጄ አባትየውን ልለምን አልኩ፤ እናቴ በሩ ላይ ተጋደመችብኝ። ታላቅ ወንድም ስለሆንኩ እኔም ከደሙ ውስጥ ነበርኩ፤ የሟች ወንድም መንገድ ላይ ቢያገኘኝ ወንድሜን ያገኘ ያህል ነው። የሠለጠንኩበት ሥራ ሰው ፈልጎ ማነጋገር ነው፤ የዚያን ክረምት ግን ላነጋግረው የሚገባኝ አንዱ ሰው ልደርስበት የማልችለው ነበር።

እናቴ ምግብ ተወች። ገበያ ወጥታ ከባለ ሁለት በሩ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ የሚሸጥ ነገር ግን አትይዝም። «ዓይኔን ከነቀልኩበት ያፈርሱታል» ትላለች።

አዲሱ ዓመት ገባ። እንቁጣጣሽ ባለፈ በማግስቱ ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹ ክፈፉ ሥር እንደተቀመጡ ነበሩ። የሠራተኞቹ አለቃ ቆቡን አውልቆ፣ «አባቶቼ፣ ሳሩ እንዳይወድቅባችሁ ፈቀቅ በሉ» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ያዩአቸው ጊዜ ሹሙ የላካቸው አስታራቂዎች መስለዋቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ነበር። አባባ ሰዎቹንና መሰላሉን ቆመው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አልነገርከውም እንዴ?»

«ነግሬያቸዋለሁ፣ አባባ።»

«እንግዲያው አውቆ ነው» አሉና ቁጭ አሉ።

ሳሩ በአንድ ቀን ወረደ። ብዙ አጥቢያ ተሸክሞ ያመጣው ሰንበሌጥ ገበያው ላይ ተከምሮ ዝናብ ይበላው ጀመር። ከላይ የቀርከሃው ወራጅ ብቻ፣ እንደ ተገፈፈ ጥላ፣ ቀረ። እናቴ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተዘጋ፤ ከሣምንት በላይ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

ወሬው ቀርከሃው ጫካ ደረሰ። ሐሙስ ጧት ወንድሜ በግላጭ፣ በዋናው መንገድ፣ ጥሊሊ ገበያ በሚሄዱ ሰዎች መካከል እየሄደ ወደ ከተማ ገባ። ካየሁት ዓመታት አልፈው ነበር። ጠጉሩ ሸብቷል።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አልኩት።

«ልቀመጥ።»

«የት?»

«በምዕራቡ በር። ቤቱ እስኪፈርስ እዚያ እቀመጣለሁ። ይግደሉኝ፣ ወይም ይታረቁኝ። ጫካ አልመለስም።»

«ሰው ስማ እንጂ! እናትህን ግደላት አሉህ?»

«እናቴ ከሞተች ቆየች» አለ። «አንተ ስለማታያት ነው።»

አነጋገሩ የቁጣ አልነበረም፤ ያስፈራኝም ያ ነው። ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ በምዕራቡ በር መድረክ ላይ ተቀመጠ። ሰው ከሩቅ ከቦ ቆመ። የቀረበው ግን የለም።

ያን ጊዜ አባባ ተነሡ። ከእርጅና የተነሣ ፈረስ መጋለብ ትተው ነበር፤ ፈረስ ይጫንልኝ አሉ። ከሽማግሌዎቹ ሌላ አንድ አስከትለው፣ ወንዙ እንደሞላ ነው እየተባሉ፣ የሟችን አባት ሊለምኑ የአዘናን መንገድ ያዙ። ከመሄዳቸው በፊት ግን በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ገበያውን ተሻግረው ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ቆሙ። ሹሙ እንደ ቃላቸው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እስከ ደጅ ወጥተው ተቀበሏቸው።

«አባቴ፣ ምነው ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አሉ?» አሏቸው።

«እርስዎስ ምነው ዝም አሉ?» አሉ አባባ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሁለቱም ከልባቸው ነበር የሚጠይቁት።

መስመሩ ግን ተቆርጧል፤ እንግዳው ሊደርሱ ነው፤ ለአውራጃው ቃል ተሰጥቷል። ሹሙ ማድረግ የቻሉት አንድ ነገር ነው። ግድግዳውን ቅዳሜ ጧት ሊጀምሩ የነበሩት ሠራተኞች እስከ እኩለ ቀን እንዲቆዩ አዘዙ። ከዚያ በላይ አልችልም አሉ፤ የተናገሩት እውነት ይመስለኛል።

አባባ ዓርብ ማታ ወገባቸው ድረስ ርሰው ተመለሱ። መልሱን ለመስማት የወጣነው ሁሉ ከፈረስ እስኪወርዱ ጠበቅን።

«እመጣለሁ አላለም። አልመጣም አላለም» አሉ።

ቅዳሜ ገበያው አልቆመም። ሰው መጥቷል፣ እህል ግን የፈታ የለም። ወንድሜ እንደ ወጉ እጆቹን ወደ ኋላ ታስሮ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት፣ አንገቱን ደፍቶ በምዕራቡ በር ገባ። እናቴና እኔ ተከተልን። ሽማግሌዎቹ ምሰሶው ሥር ተቀመጡ፤ ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው። ከላያችን ቀርከሃና ሰማይ ብቻ ነው። ካፊያ ጀመረ። የምሥራቁ በር ባዶ ነበር። በእሱ በኩል የሚታዩት ደጅ አካፋቸውን ተደግፈው የሚጠብቁት ሠራተኞች ናቸው።

እኩለ ቀን እየተቃረበ ሳለ ሰዎች መንገድ ሲለቁ አየን። የሟች አባት መጡ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ከኋላቸው ልጃቸው፣ ያ ገበያ መሃል የፎከረው፣ ዱላውን ይዞ ይከተላል። የምሥራቁ በር ላይ ደርሰው ቆሙ። ወደ ላይ አዩ።

«ጣራ የለውም» አለ ልጅየው፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ቤት ብላችሁ የጠራችሁን ይኸ ነው? አባዬ፣ እንመለስ። ቀልደውብናል።»

አባባ ዓይናቸውን ወደ ባዶው ጣራ አነሡ። ቤቱን አልጠበቁትም፤ ምን ይበሉ?

ሽማግሌው ከደጃፉ አልተንቀሳቀሱም። ወንድሜን አዩት። ዝናቡ በድንጋዩና በአንገቱ መካከል ይወርዳል። እናቴ መሬት ላይ ተደፍታለች። በዚያች ሰዓት ወንድሜ በሕይወት እንደማይወጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ጣራ ከሌለ ቤቱ ቤት አይደለም፤ ቤቱ ቤት ካልሆነ ደግሞ የዚያን ቀን እጅን የሚይዝ ነገር የለም። ይህን ልጅየውም አውቆታል፤ ዱላውን ከትከሻው አወረደ።

«አባዬ!»

«በሩ አለ» አሉ ሽማግሌው። «ዱላህን ደጅ አስቀምጥ።»

«አባዬ፣ እኔ...»

«ሰምተኸኛል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያን ወንዝ ድጋሚ አልሻገርም። የሚሆነው ዛሬ ይሆናል።»

ልጁ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ገቡ።

የእርቁን ሥርዓት ሁሉ አልዘረዝርም። ረጅም አልነበረም፤ ጊዜ አልነበረንም። ቄሱ አስማሉ። ሽማግሌው ድንጋዩን ከወንድሜ ማጅራት ለማንሣት ሞከሩና ከበዳቸው፤ ልጃቸውን በዓይናቸው ጠሩት። ልጁ ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ መጥቶ በአንድ እጁ አግዟቸው ድንጋዩን መሬት ላይ ጣለው። ወንድሜን አላየውም፤ አልነካውም። እጁን የፈቱለት አባትየው ናቸው፤ ጣታቸው ገመዱ ላይ ሲያዳልጥ ያለቅሱ ነበር፤ ለማን እንደሚያለቅሱ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

በምሥራቁ በር በአንድነት ወጣን። የሠራተኞቹ አለቃ ቆቡን አውልቆ ወደ አባባ ተጠጋ።

«ጨረሳችሁ፣ አባቴ?»

«ጨርሰናል።»

«እንቀጥል?»

አባባ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ምሰሶው እስኪነቀል ድረስ ግን ከዚያ አልሄዱም።

ከሰዉ መካከል አንዲት ሴት መጣች። ገጠሬ ነች፣ ከዳንግላ ወዲያ ካለ አገር። ጥቁር ለብሳለች፤ አጠገቧ ልጅነቱን ያልጨረሰ ወንድ ልጇ ቆሟል። አባባን እጅ ነሣችና አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «የእኛስ የእርቅ ቀን መቼ ነው? ለጥቅምት ነበር ያላችሁን» አለች።

አባባ መልስ ፍለጋ ሌሎቹን ሽማግሌዎች አዩ። ሌሎቹም እሳቸውን አዩ። ሠራተኞቹ የምዕራቡን በር መቃን በመጥረቢያ መምታት ጀምረው ነበር።

«ልጄ፣ እንልክብሻለን» አሉ በመጨረሻ።

«ወዴት እንድመጣ?»

አባባ ወደሚፈርሰው በር ዞሩ። ሴትዮዋ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ልጇን እጁን ይዛ፣ በጎን በኩል፣ ሰው በሌለበት መንገድ ወሰደችው።